ከሰባተኛው መጽሐፍ የተፋቀው መልስ

በ1992 ዓ.ም. በልጉ አልዘነበም። ክረምቱ በሐምሌ አጋማሽ ጀምሮ ነሐሴ ሳያልቅ ሄደ። ገብሱ ከስንዝር ሳያልፍ ደረቀ። የደሃና ሰው ከብቱን ወደ ተከዜ ነዳ፤ ከነዳው ግማሹ መንገድ ላይ ቀረ። ሰቆጣ ላይ ስንዴ በጆንያ መጥቶ ተሰፈረ። ጆንያው ላይ የተጨባበጡ ሁለት እጆች ተስለዋል። ስንዴው ሲያልቅ ሰው ጆንያውን ሰፍቶ ለበሰው። እኔም አንዱን ለመደርደሪያዬ መጋረጃ አደረግሁት።

የከተማው ንባብ ቤት ጠባቂ ነበርሁ። ቤቱ አንድ ክፍል፣ ሁለት መስኮት፣ አራት አግዳሚ ወንበር ነው። ትምህርቴ ዳዊት መድገምና አራተኛ ክፍል ነው። እንግሊዝኛ አላውቅም። ሥራዬን ግን አውቃለሁ። ሕጉ ሁለት ነው፦ ጮክ ብሎ ማንበብ ክልክል ነው፤ መጽሐፍ ላይ መጻፍ ክልክል ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ የተመለሱትን መጻሕፍት እደረድርና በእርሳስ የተጫረውን ሁሉ በላጲስ አጠፋለሁ። በዚህ ሰው አያማኝም።

በ1993 ዓ.ም. መስከረም ላይ የሁለተኛ ደረጃ የሥነ ዜጋ መምህሩ ይስማው ምንይሉ አንድ ካርቶን ተሸክሞ መጣ። ከደሃና የመጣ ልጅ ነው፤ በቤቱ ኽምጥኛ፣ በክፍሉ አማርኛ የሚናገር፣ ቀጭን፣ ረጋ ያለ። ቀድሞ እዚሁ ያስተማረች አንዲት የውጭ አገር ሴት ጽፎላት ሰባት የእንግሊዝኛ መጻሕፍት ልካለታለች።

«ስለ ምን ናቸው?» አልሁት።

«ስለ አሜሪካ ፖለቲካ፣ አያ ገብረ ኪዳን።»

«እኛ ምን አገባን?»

«ተማሪዎቼ ጠየቁኝ። ስንዴውን ማን ነው የሚልክልን? ማን ፈቅዶ ነው? ሐሳቡን ቢቀይርስ? አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ሆዳችን የታሰረው እዚያ ምክር ቤት ውስጥ ከሆነ ምክር ቤቱን ማወቅ አለብን።»

መጻሕፍቱን መዘገብሁ።

እሱም በአማርኛ ዝርዝር ጽፎ በሩ ላይ ለጠፈ። «አሜሪካንን ለመረዳት የሚረዱ ሰባት መጻሕፍት» ይላል። ከእያንዳንዱ ሥር አንድ ሁለት መስመር አለ። የመጀመሪያው ስለ ሕገ መንግሥታቸው ነው፤ «ከመሃሉ ጀምሩ፤ መግቢያው ያስተኛል» ብሏል። ሦስተኛው ድምፅ ለመስጠት ስትል ሦስት ቀን በእግሯ የሄደች የአንዲት ጥቁር ገበሬ ታሪክ ነው፤ «ለደሃና ሰው ማብራሪያ አያስፈልገውም»። አምስተኛው ገንዘብ ምርጫ ውስጥ ምን እንደሚሠራ ነው፤ «ደረቅ ነው፤ ታገሡት»። ሰባተኛው ልብ ወለድ ነው፤ «ገና ስላልመጣ ዘመን ነው። እንዳይመጣ የተጻፈ ነው።»

«ያልሆነ ነገር ምን ያስተምራል?» አልሁት።

«ሐኪም የሚያስጠነቅቀው በሽታው ሳይገባ አይደል፣ አያ?»

ዝርዝሩን ብዙ ሰው አነበበው። መጻሕፍቱን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያነበበች አንዲት ሰው ብቻ ናት። ጥሩሐረግ ወልደ ጻድቅ።

ጥሩሐረግ የመሪጌታ ወልደ ጻድቅ የመጨረሻ ልጅ ናት። መሪጌታ እኔን ዳዊት ያስደገሙኝ የኔታዬ ናቸው። ብራና ጸሐፊም ናቸው። በዋግ ካሉት አብያተ ክርስቲያናት ብዙዎቹ የሚያነቡት በእሳቸው እጅ ከተጻፈ መጽሐፍ ነው። ልጅቱ ፊደል የቆጠረችው ከሳቸው ነው። ዐሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሳ በጽሕፈት ቤት ታይፕ ትመታ ነበር። ሃያ ሦስት ዓመቷ ነበር።

የይስማው አባት ምንይሉ ደግሞ ብረት ቀጥቃጭ ነው። ማረሻ፣ መጥረቢያ፣ ቢላዋ ይሠራል። ቀን እጁ የሠራውን የሚገዛው ሰው ማታ ደጁን አያልፍም። ጠይብ ነው ይሉታል። ልጁ ዲግሪ ቢይዝም የጠይብ ልጅ ነው። የካህን ቤት ለዚያ ቤት ልጅ አይሰጥም። ይህን ማንም አይጽፈውም፤ ማንም አይስተውም።

ስለዚህ እነሱ የሚነጋገሩት ስለ አሜሪካ ነበር።

ይስማው በእያንዳንዱ መጽሐፍ ውስጥ በቁራጭ ወረቀት ጥያቄ ይተዋል። እሷ በወረቀቱ ጀርባ ትመልሳለች። ወረቀቱ የመጽሐፉ ገላ ስላልሆነ ሕጌን አልነካም፤ ተውኳቸው። እሷ በመስኮቱ በኩል ትቀመጣለች። እሱ በሩ አጠገብ ጋዜጣ ይዘረጋል። አንድ ገጽ ላይ ግማሽ ሰዓት የሚቆይ መምህር አይቼ አላውቅም። ቀና ስትል እሱ ያጎነብሳል። ቀና ሲል እሷ ገጽ ትገልጣለች። እኔ ደግሞ ሁሉን አያለሁ።

ኅዳር ላይ ራዲዮኑ የአሜሪካንን ምርጫ አወራ። ድምፅ ተሰጠ፤ ግን አንድ ክፍለ ግዛት ላይ ቆጠራው አላልቅ አለ። ተማሪዎች ንባብ ቤቱን ሞሉት።

«መምህር፣ ኃያሏ አገር መቁጠር አቃታት እንዴ?»

«መቁጠሩ አላቃታትም። ምን እንደሚቆጠር ነው የተጣሉት።»

«እንግዲያው ታዛቢ ከሰቆጣ እንላክላቸው! አያ ገብረ ኪዳን ይሂዱ። እሳቸው ፊት ማን ያጭበረብራል?»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እኔ አልሳቅሁም፤ ዝም በሉ አልሁ እንጂ።

ይስማው ነገሩን አስረዳቸው። እዚያ መራጩ ወረቀቱን በሹል ነገር ይወጋል። አንዳንዱ ተጭኖ ሳይበሳ ይቀራል። ወረቀቱ ላይ ቀዳዳ የለም፤ ጠባሳ ብቻ አለ። «አሁን ቆጣሪዎቹ ወረቀቱን ወደ ብርሃን ያነሡና ጠባሳውን ያያሉ። ሰውየው መምረጡ ነበር ወይስ አልነበረም ብለው ይከራከራሉ።»

«ሞኞች!» አለ አንዱ።

ያን ጊዜ ጥሩሐረግ ከመስኮቱ በኩል ተናገረች። በሰው ፊት ስትናገር የመጀመሪያዋ ነው።

«ሞኞች አይደሉም። ጠባሳ ካለ እጅ ነበረ። መቆጠር አለበት።»

ይስማው ዞሮ አያት። ጋዜጣም መጽሐፍም በመሃላቸው አልነበረም። እሷም አላጎነበሰችም።

በሳምንቱ መሪጌታ ከቅዳሴ በኋላ ጠሩኝ።

«ገብረ ኪዳን፣ ንባብ ቤትህ የሚያውሰው መጽሐፍ ነው ወይስ ሰው?»

የስድስተኛው መጽሐፍ ቁራጭ ወረቀት ቤታቸው ወድቆ አግኝተውታል። በእንግሊዝኛ ነው፤ በኋላ እንደሰማሁት የተጻፈው ስለ ሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ነበር። እሳቸው እንግሊዝኛ አያነቡም። እጅ ግን ያነባሉ።

«ይህ የወንድ እጅ ነው። የማን እንደሆነም ጠይቄ ደርሼበታለሁ። ከእንግዲህ ቁራጭ ወረቀት ቤቴ አይገባም። የምንይሉን ልጅ ከልጄ አርቅልኝ።»

«እሺ የኔታ» አልሁ።

ጥሩሐረግ ሰባተኛውን የወሰደችው ከዚህ በኋላ ነው። ይስማው የተወላትን ጥያቄ እዚያው ንባብ ቤት ቁማ አነበበችውና ወረቀቱን እዚያው ቀደደችው። መጽሐፉን ብቻ በነጠላዋ ሥር ይዛ ወጣች። በአምስተኛው ቀን፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ መለሰችው። ጠረጴዛዬ ላይ ካስቀመጠችው በኋላም እጇ ከሽፋኑ ላይ አልተነሣም።

«ወደድሽው?»

«ፈራሁት፣ አያ። ግን ጨረስሁት።» ትንሽ ቆየች። «መምህሩ ሲመጣ ይስጡልኝ። ሌላ ሰው እንዳይወስደው።»

ስትወጣ ደጃፉ ላይ ቆማ ወደ መጽሐፉ ዞራ አየች።

እኔ እንደ ልማዴ ገለጥሁት። የመጨረሻው ባዶ ገጽ ላይ በእርሳስ ዐሥራ አንድ መስመር ተጽፏል። በእንግሊዝኛ ነው። የእሷ እጅ መሆኑን አውቄያለሁ። አላወቅሁም ብል እዋሻለሁ። የመስመሩን ጫፍ ጠበቅ አድርጎ መጫን ከአባቷ የወረሰችው ነው። ሕጉን አሰብሁ። ለየኔታ የገባሁትን ቃል አሰብሁ። ለልጅቱም ይሻላታል አልሁ። ከዚያ ላጲሱን አነሣሁ። ዐሥራ አንዱንም ፋቅሁት። ብናኙን በትንፋሼ አራገፍሁት።

ይስማው ሰኞ ቀትር ላይ መጣ። መጽሐፉን ቁሞ ገለጠ። ከፊት ወደ ኋላ፣ ከኋላ ወደ ፊት፣ ደግሞ እንደገና። ጆሮው ቀላ።

«ሌላ የሰጠችዎ ነገር የለም?»

«የለም።»

እውነት ነበር። ሌላ የሰጠችኝ ነገር አልነበረም።

በወሩ ወደ አበርገሌ፣ ኒሯቅ፣ ዝውውር ጠየቀ። ሙቀት ነው፤ መንገድ የለውም፤ ማንም ጠይቆት የሚሄድ ቦታ አይደለም። ጥሩሐረግ ከዚያ ወዲህ ንባብ ቤቱን አልረገጠችም። አንድ ዲያቆን ጠየቃት፣ እንቢ አለች። አንድ ነጋዴ ጠየቃት፣ እንቢ አለች። መንገድ ላይ ስንገናኝ ሰላም ትለኛለች። ሰላምታዋ ቀዝቃዛ ነበር። ምን እንደሆነ አልጠየቅኋትም። ሳልጠይቃት አራት ዓመት ከመንፈቅ አለፈ።

በ1997 ዓ.ም. ሰኔ ላይ በሩ ተከፈተ። ይስማው ነው። ፀሐይ አጥቁሮታል፤ ጸጉሩ ከፊት ሸሽቷል። ክሊራንስ ይዟል። ጅማ የትምህርት ዕድል አግኝቷል፤ ከነገ ወዲያ ይሄዳል። መጽሐፍ እንደሌለበት ፈርሜ ማኅተም ማድረግ አለብኝ።

መዝገቡን አወጣሁ። ሰባቱም ተመልሰዋል።

«አንዱን ግን አልረሳውም» አለ፤ ፈገግታው ደረቅ ነበር። «ሰባተኛውን። ዝም ያለ ሰው ሁሉ እሺ እንዳለ የሚቆጠርበት አገር ታሪክ ነው። ሕዝቡ አፉን መክፈት እስኪረሳ ድረስ በዝምታው ይገዙታል። ጥሩሐረግን በዚያ መጽሐፍ ነበር የጠየቅኋት፣ አያ። አሁን ምን ይደበቃል? ወረቀት መከልከሏን ሰምቼ ስለነበር፣ መልሱን መጨረሻው ገጽ ላይ ጻፊልኝ፣ ባዶ ከሆነ ገብቶኛል፣ አላስቸግርሽም አልኋት።»

«እና?»

«ባዶ ነበር። እዚያ አገር ቢሆን እሺ ነው። እኛ አገር ደግሞ እንቢ ነው። ቆጠርሁትና ሄድሁ።»

ማኅተሙ እጄ ላይ ነበር። መልሼ አስቀመጥሁት።

«ዛሬ አልፈርምም። ነገ ሦስት ሰዓት ላይ ና።»

«ምነው፣ የጎደለ አለ?»

«አለ» አልሁት። ከዚህ በላይ ቃል አልወጣልኝም።

እሱ ሲሄድ መጽሐፉን አወረድሁ። የመጨረሻውን ገጽ ከመስኮቱ አጠገብ አጋድሜ ያዝሁት። ቀለም የለም። ጠባሳ ግን አለ። ቀጭን ጥላ፣ መስመር በመስመር። ተማሪዎቹ በዚያ ኅዳር የሳቁባቸው የአሜሪካ ቆጣሪዎች ወረቀት ወደ ብርሃን ያነሡ የነበረው ለዚህ ነው። መጽሐፉን ይዤ አግዳሚው ላይ ተቀመጥሁ።

ያንኑ ዕለት ከሰዓት ጽሕፈት ቤት ሄድሁ። ጥሩሐረግ ብቻዋን ታይፕ ትመታለች።

«ጥሩዬ፣ የበደልሁሽ አለ።»

ነገርኋት። ሳላሳምር ነገርኋት። ጣቶቿ ከማሽኑ ላይ አልወረዱም፤ መምታት ብቻ አቆሙ።

«እሱ... አላነበበውም?»

«አላነበበውም።»

«አንብቦት አባቴን ፈርቶ የሸሸ ነበር የሚመስለኝ። ፈሪ አልሁት። ባሰብሁት ቁጥር ፈሪ አልሁት።» አሁን እጆቿን ከማሽኑ አወረደች። «እርስዎን ደግሞ ምንም አላልሁዎትም። ያስረከብሁት ለእርስዎ ነበር።»

«ይስማው እዚህ ሰቆጣ ነው ያለው፤ ነገ ሦስት ሰዓት ንባብ ቤት ይመጣል። ከነገ ወዲያ ይሄዳል። አሁን ጻፊልኝ፤ ሮጬ አደርስልሻለሁ።»

ቀና አለች። እንባዋ ወርዷል፤ ድምፅዋ ግን ጸንቷል።

«አልጽፍም። አንድ ጊዜ ጽፌአለሁ። አሁን ብጽፍ የሃያ ሰባት ዓመት ሴት ሰው ቸግሯት ጻፈች ነው የሚባለው። ያ ግን የዚያን ጊዜው ነው፤ የሃያ ሦስት ዓመቷ ልጅ ማንም ሳያስገድዳት የጻፈችው። ቃሌ እርስዎ ዘንድ ነው፣ አያ። ዕዳ ነው። የፋቁትን ይመልሱ።»

«እኔ ጠባሳውን አያለሁ እንጂ ፊደሉን አላውቅም። የተፋቀ ማንሣት የሚችል በሰቆጣ አንድ ሰው ብቻ ነው።»

ማን እንደሆነ ገባት። ማሽኑ ላይ የተሰካውን ወረቀት ነቀለችው።

«ይውሰዱላቸው» አለች በመጨረሻ። «እኔም ሰልችቶኛል፤ በአባቴ ቤት ዝም ብዬ መቆጠር።»

በማግስቱ ፀሐይ ስትወጣ መሪጌታ ደጅ ደረስሁ። በራቸው ላይ ቁርበት አንጥፈው መቃ ብዕር ይቀርጻሉ። ሰባ አልፏቸዋል፤ ዓይናቸው ግን ለቅርብ ደህና ነው።

«የኔታ፣ የተፋቀ ጽሕፈት ያንሡልኝ።»

መጽሐፉን ተቀብለው ገጹን ወደ ንጋቷ ፀሐይ አጋደሙት። በጣታቸው ጫፍ ዳበሱት።

«ጠበቅ አድርጋ ትጨርሳለች» አሉ ዝግ ብለው። «ይህን እኔ ነኝ ያስተማርኋት። ምን ይላል?»

«አላውቅም። እንግሊዝኛ ነው።»

«ለማን ነው?»

«ለምንይሉ ልጅ። የፋቅሁትም እኔ ነኝ። ለእርስዎ ቃል ገብቼ ነበርና።»

መጽሐፉን ዘጉት።

«የጠይብ ቤት» አሉ።

«አዎ የኔታ። ያ ቢላዋዎ የማን ሥራ ነው?»

መቃውን የቀረጹበትን ቢላዋ ተመለከቱት። የምንይሉ ሥራ መሆኑን ከእኔ ይልቅ እሳቸው ያውቃሉ።

«አፍህ ተፈታ ዛሬ» አሉኝ።

«ዘግይቷል የኔታ።»

ከዚያ ለእኔ ሳይሆን ለራሳቸው እንደሚናገሩ ሆነው ቀጠሉ። «አርባ ስድስት ዓመት ጻፍሁ። በእያንዳንዱ መጽሐፍ መጨረሻ፣ ይህን የሰረቀ፣ ይህን የፋቀ የተወገዘ ይሁን ብዬ ጽፌአለሁ። አንተ በላጲስ ፋቅህ። እኔ ደግሞ ዛሬ አይቼ ብተወው ምን ልባል ነው?»

ቀለማቸውን ቀረብ አደረጉ። የማያውቁትን ፊደል አንድ በአንድ፣ ጠባሳውን ተከትለው፣ እንደ ሥዕል ጻፉት። አንዳንድ ቦታ እጃቸው ይቆማል፤ ገጹን ያጋድማሉ፤ ይቀጥላሉ። ዐሥራ አንዱም መስመር ተነሣ። ከሥሩ በራሳቸው እጅ በአማርኛ አንድ መስመር ጨመሩ። ከዚያ ብዕሩን አስቀምጠው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። መጽሐፉን አነሣሁ። አልቆየሁም።

ሦስት ሰዓት ላይ ይስማው መጣ። ክሊራንሱን ዘረጋ። እኔ መጽሐፉን ዘርግቼ ጠበቅሁት።

«በዚያ ዓመት ባዶ አልነበረም» አልሁት። «የፋቅሁት እኔ ነኝ። ያነሡት አባቷ ናቸው። አንብብ።»

አነበበ። አንድ ጊዜ ለራሱ። ሁለተኛውን፣ ሕጌን ጥሶ፣ ጮክ ብሎ፣ ወደ አማርኛ እየመለሰ። አልከለከልሁትም።

«በዚያ አገር ዝም ያለ ሁሉ ይቆጠራል። እኔ በዝምታዬ መቆጠር አልፈልግም። ስለዚህ በእጄ እጽፋለሁ። እሺ። አባቴ ቢቆጣም እሺ። ሰው ቢስቅም እሺ። ደሃና ድረስ የሚወስድ እግር አለኝ። ያቺ ገበሬ ለአንዲት ድምፅ ሦስት ቀን ሄዳለች፤ እኔም ለአንተ...»

ማንበቡን አቆመ። ከዚያ ከሥሩ ያለውን የአማርኛ መስመር አየ። ያ መስመር የሚለው ይህን ነበር፦ «ይህን የፋቀ የተወገዘ ይሁን። ወልደ ጻድቅ።»

ብዙ ቆየበት። እኔን ሊረግመኝ ይሆናል ብዬ ጠበቅሁ፤ ይገባኝም ነበር።

«አራት ዓመት ከመንፈቅ፣ አያ!» ብቻ አለኝ። ግንባሩን ገጹ ላይ ደፍቶ አለቀሰ።

በሩ ሲገፋ ሁለታችንም ዞርን። ጥሩሐረግ ናት። ያን ሁሉ ጊዜ ያልረገጠችውን ደፍ በአንድ እግሯ ረግጣ ቆማለች። እኔን አላየችኝም። እሱን ነበር የምታየው። አላጎነበሰችም።

«ተቆጠረ?» አለች።

ይስማው ተነሣ። ክሊራንሱ ከጠረጴዛው ወድቆ መሬት ላይ ቀረ፤ ማናችንም አላነሣነውም።

«ተቆጠረ» አላት።

ያን ጊዜ ወደ እኔ ዞረች። ዓይኗ ውስጥ ያ ሁሉ ዓመት የተቀመጠው ብርድ ሲለቅ አየሁት።

«ተከፈለ፣ አያ» አለችኝ።

ላጲሱን ከኪሴ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ ተውሁት። መጽሐፉን ለሁለቱ ትቼ ወደ ደጅ ወጣሁ።